ቆመው ያጨበጨቡላት

አንተ መዳፍህ እስኪቀላ ያጨበጨብክ ሰው፣ ያጨበጨብክላት ሴት ነገ የልጅህን እጅ ይዛ በርህን ብታንኳኳ ትከፍትላታለህ? አንቺስ፣ ዐይንሽን በመሐረብ እየጠረግሽ ከአዳራሽ የወጣሽው፣ «ምራቴ» ብለሽ ትስሚያታለሽ? ቶሎ ብላችሁ «አዎ» አትበሉኝ። ቶሎ የሚመጣ «አዎ» ከደጃፍ እንደማያልፍ አይቻለሁ። መድረክ ላይ ስትቆም «የኛ ኩራት» ትሏታላችሁ፤ ሳሎናችሁ ስትገባ ግን የተቀመጠችበትን ወንበር በዐይናችሁ ትፈትሻላችሁ። የምነግራችሁ ስለ አንድ ቤት ነው። የራሳችሁን ቤት ካስታወሳችሁ ጥፋቱ የኔ አይደለም።

የቤቱ ጌታ በጡረታ የተገለሉ ዳኛ ናቸው። በመንገድ ሲያልፉ ሰው ከመቀመጫው ይነሳላቸዋል። ባለቤታቸው ከሞቱባቸው ወዲህ ከታላቅ እህታቸውና ከአንድ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ልጁ የጉሮሮ ሐኪም ነው። ልጁ የወደዳት ልጅ ደግሞ ከከተማ ከተማ በሚዞር የሙዚቃ ቴአትር ቡድን ውስጥ ትሠራለች። በቡድኑ ውስጥ ሰው በስሙ አይጠራም፤ እሷን «ማሟያ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ሥራዋ ነው። በአዘቦቱ ቀን ከኋላ ረድፍ ቆማ ከሌሎቹ ጋር ትዘፍናለች፣ ትወዛወዛለች። ነገር ግን በትርኢቱ ውስጥ ያሉትን ሴቶች ሁሉ ድርሻ በቃሏ ይዛለች። አንዷን ቢያተኩሳት፣ ሌላዋን እግሯን ወለም ቢላት፣ የሷን ልብስ ለብሳ የምትገባው ማሟያ ናት። ልብሱ በሷ ልክ አልተሰፋምና ከጀርባዋ በመርፌ ቁልፍ ይያዝላታል። ጫማው ከጠበባት ጠበባት ነው፤ ትችለዋለች።

ተመልካቹ ግን መለወጧን አያውቅም። የቡድኑ አዘጋጅ፣ ሁሉም ጋሼ የሚላቸው ሰው፣ ተተኪ ገብታለች ብለው ማስነገር አይወዱም። «ሰው የመጣው ግድግዳ ላይ ያየውን ፊት ብሎ ነው። ለምን እናስከፋዋለን?» ይላሉ። ስለዚህ ማሟያ የዘፈነችው የማሟያ አይባልም። ጭብጨባውም አበባውም ፎቶዋ ለተለጠፈላት ይሄዳል፤ ማሟያ ዊጓን አውልቃ፣ ፊቷን ጠርጋ፣ ሻንጣ ልትሸከም ወደ አውቶቡሱ ትወርዳለች። «የዘፈንኩት እኔ ነኝ» የምትል ተተኪ ደግሞ በሚቀጥለው ከተማ አትገኝም። ሕጉን ጋሼ አልፈጠሩትም፤ ከሳቸው በፊት ከነበሩት ወረሱት። ደግ ሰው ናቸው። ደግ ሰው በወረሰው ክፋት ላይ ተኝቶ እንቅልፍ ሲወስደው እንደማየት የሚያናድደኝ ነገር የለም።

ፎቶዋ የሚለጠፈውን ዋና ተዋናይት ኮከቢቱ ይሏታል። ሐኪሙ መጀመሪያ የመጣው ለሷ ነበር። ባለፈው ክረምት ቡድኑ እዚህ ከተማ እያለ ድምጿ ተዘጋና ሐኪሙ ትንሹን መስተዋቱንና መብራቱን ይዞ አዳራሹ ድረስ ተጠራ። ጉሮሮዋን አይቶ «ዝም በይ። ማንሾካሾክም አይፈቀድም» አላትና ወጣ። በልብስ ክፍሉ በር ሲያልፍ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ ሰማ። አንዲት ልጅ ከልብስ ክምር መሐል ተቀምጣ፣ ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ስትሮ ከታ፣ በስትሮው ውስጥ ትዘፍናለች። ውኃው ዜማው ከፍ ሲል ከፍ፣ ዝቅ ሲል ዝቅ እያለ ይፈላል።

«ይህን እኔ ለታማሚዎቼ አዛለሁ» አላት ከበሩ ሆኖ። «ድምፅ እንዳይደክም። አንድም ሰው ሲያደርገው ግን አይቼ አላውቅም።»

«ምን ያድርጉ?» አለችው ቀና ሳትል። «ሰው እቤቱ ተቀምጦ እንደ ድስት ሲፈላ ያፍራል።»

የቡድኑ ልብስ ሰፊ እትዬ መርፌ አፋቸው ውስጥ የያዙትን መርፌ እንደያዙ «ዶክተር፣ እቺ ጤነኛ ናት። ታማሚዋ በዚያ በኩል ናት» አሉ።

ሐኪሙ ፊቱ ቀልቶ ወጣ። ማታ ግን ከተመልካቹ መሐል ነበር። በሚቀጥለው ከተማም ነበር። ከዚያ በኋላ ዕረፍቱን ሁሉ መኪናው ውስጥ ጨረሰው። ቡድኑ ያደረበትን ማረፊያ እየጠየቀ፣ እርጥብ ልብስ በመስኮት ላይ በተሰጣባቸው ክፍሎች በር ላይ እየቆመ፣ እትዬ መርፌ «ኧረ ይህን ልጅ አንዱ ሻንጣ ውስጥ ክተቱትና ነዳጁን ይቆጥብ!» እስኪሉ ድረስ ተከተላት። ማሟያ በሕይወቷ እሷን ብሎ የመጣ ሰው አይታ አታውቅም። ሰው ሁሉ የሚመጣው ለኮከቢቱ ነበር። የመኪናውን ድምፅ ከሩቅ ለይታ ስታውቅ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ቀና ይል ነበር፤ ስም አላወጣችለትም፤ እንዳይሰማባት ፈርታ።

አንድ ጊዜ ግን ተጣሉ። ጣሪያው የተላላጠ፣ ወንበሩ የሚንቋቋ የአንድ ትንሽ ከተማ አዳራሽ ነበር። ጠዋት ሠራተኞቹ የመድረኩን ግድግዳዎች እየፈቱ ሳለ ሐኪሙ ፊቱን አጥቁሮ መጣ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እውነቱን ንገሪኝ።»

«ጠይቅ።»

«ስትዘፍኚ ማንን ነው የምታዪው?»

«እንዴት ማንን?»

«ከኔ ጀርባ ሰው አለ። ባለፈው ከፊት ተቀመጥኩ፤ በላዬ አሻግረሽ አየሽ። ትናንት ወደ ኋላ ሄድኩ፤ አሁንም በላዬ አለፍሽ። እንዲያ ዐይንሽ እስኪያበራ የምታዪው ሰው ማነው? በየከተማው የምከተልሽ እኔ ብቻ አይደለሁም ማለት ነው?»

ማሟያ መጀመሪያ ሳቀች። ዐይኑ እርጥብ መሆኑን ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው። እጁን ይዛ መድረኩ ላይ አወጣችውና ወለሉ ላይ በተለጠፈ ሰማያዊ ፕላስተር ላይ አቆመችው። ፕላስተሩ የሷ ነው፤ እያንዳንዱ ተዋናይ የየራሱ ቀለም አለው፤ በየአዳራሹ መቆሚያው በሱ ይታወቃል።

«ጨረር!» ብላ የመብራት ሠራተኛውን ተጣራች። «የመጨረሻውን ዘፈን መብራት አብራልኝ!»

«ለማን? ለዶክተሩ? ዘፈን ጀመረ እንዴ?»

«አይ፣ ሊታከም ነው!»

መብራቱ ቦግ አለ። ማሟያ ወርዳ ከወንበሮቹ በአንዱ ተቀመጠችና «በል ፈልገኝ!» አለችው። ሐኪሙ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ አፈጠጠ። ከመድረኩ ጠርዝ ወዲያ ዓለም አልነበረም፤ ጥቁር ብቻ። ድምጿ ከዚያ ጥቁር ውስጥ ይመጣል፤ ከየት እንደሆነ ግን አይታወቅም።

«ምን ይታይሃል?»

«ምንም።» ቆየና «አንዲት ቀይ መብራት ብቻ። እዚያ ከኋላ፣ ከበሩ በላይ» አለ።

«በል ተዋወቀው። ተቀናቃኝህ እሱ ነው።»

ወጥታ አጠገቡ ቆመች። «የመውጫው በር መብራት ነው» አለችው። «ዐይናችን እንዳይንከራተት እሱ ላይ ትከሉ ተብለን ነው የተማርነው። አዳራሹ ይለወጣል፣ አልጋው ይለወጣል፣ የውኃው ጣዕም እንኳን ይለወጣል። እሱ ግን የትም አለ። ስዘፍን የኖርኩት ለሱ ነው። አሁን ግን ከሱ ሥር ካለው ጨለማ ውስጥ አንተ አንድ ቦታ እንደተቀመጥክ አውቃለሁ። ድሮ ጨለማው ባዶ ነበር።»

«እየዘፈንሽ አንድም ቀን አይተሽኝ አታውቂም?»

«አንድም ቀን።»

«አንድ ቀን እዪኝ።»

«አንድ ቀን የአዳራሹን መብራት አስበርቼ አይሃለሁ። ጋሼ ያባርሩኛል፤ ግን አይሃለሁ።»

ከመላው ተመልካች ለይታ ስታየው የከረመች መስሎት የነበረ ሰው፣ ታይቶ እንደማያውቅ በዚያች ጠዋት ተረዳ። የሚገርመው አልከፋውም። ሳታየው ለሱ ስትዘፍን እንደኖረች ሲገባው፣ ይብሱን ወደዳት።

ቡድኑ ዙሩን ሲጨርስ ወደ ሐኪሙ ከተማ ተመለሰ። የኮከቢቱ ድምፅ ደግሞ ተዘጋ። ሐኪሙ ራሱ አይቶ፣ ራሱ ዝም አሰኛት፤ ስለዚህ በዚያ ሳምንት የሚዘፍነው ማን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። አባቱን ቦታ ይዞላቸው አመጣቸው።

ትርኢቱ የአንዲት ሴት ሕይወት ነው። ዋናዋ ተዋናይት ወጣት ሆና ትጀምራለች፣ መጨረሻ ላይ ነጭ ዊግ አጥልቃ፣ ፊቷ ላይ የእርጅና መስመር ተሥሎባት አሮጊት እናት ትሆናለች። አንድ ልጇ ጥሏት ሊሄድ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ አጠገቡ ቆማ ሸሚዙን እያጣጠፈች ትዘፍናለች። አትሂድ አትለውም። የትኛው አንገትጌ እንደሚያሳክከው፣ የትኛው ቁልፍ እንደላላ ነው የምትነግረው። ዳኛው ይህን ሲሰሙ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ጨብጠው አለቀሱ። መብራቱ ሲጠፋ ቀድመው የተነሱት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ሲነሱ ማን ይቀመጣል? አዳራሹ በሙሉ ቆመ።

ከዚያ አበባ ይዘው ወደ ተዋንያኑ ክፍል ገቡ። ኮከቢቱ ጉሮሮዋን በሻርፕ ጠቅልላ ተቀምጣለች። እትዬ መርፌ እንደ ሕጉ ነጩን ዊግ በፎጣ ሸፈኑት። ማሟያ ጥግ ላይ ፊቷ በቅባት ተለውሶ ከመስተዋት ፊት ነበረች። ዳኛው ወደዚያ ዞር እንኳን አላሉም። ኮከቢቱ ፊት ጎንበስ ብለው «እመቤቴ» አሏት፤ «ባለቤቴ ከሄደች ወዲህ ሸሚዜን ያጠፈልኝ ሰው አልነበረም። ዛሬ እርስዎ አጠፉልኝ።»

ኮከቢቱ አፏን ከፈተች። የሐኪሙን ትእዛዝ አሰበች፣ የጋሼን ዐይን አየች፣ መልሳ ዘጋችው። አበባውን ተቀብላ አንገቷን ደፋች። ሐኪሙ ከአባቱ ጀርባ ቆሞ በመስተዋቱ ውስጥ ማሟያን አያት። ዐይኑ «ጠብቂ» አላት። እሷም በቅባት ውስጥ ፈገግ አለች። ጠብቃ ለኖረች ሴት ትንሽ መጨመር ምን ይከብዳታል? ደስ አላት፤ እነዚያ ከባድ እንባዎች የሷ መሆናቸውን የምታውቅበት ደስታ ለብቻው ያጠግባት ነበር።

በማግስቱ ሐኪሙ ለምሳ እቤቱ ወሰዳት። የወደድኳት ልጅ ብሎ። ዳኛው ከኋላ ረድፍ ከሚቆሙት አንዷ መሆኗን ብቻ ነው የሚያውቁት።

ቤቱ ንጹሕ፣ ጸጥ ያለ ነው። ግድግዳው ላይ የሟች ባለቤታቸው ፎቶ፣ ጥግ ላይ አቧራው ይጠረጋል እንጂ የማንም እጅ የማይነካው የመጻሕፍት መደርደሪያ። ጠረጴዛው ላይ የሾርባ ሳህን ቀረበ። የዳኛው እህት፣ አክስትየዋ፣ ማሟያ ማንኪያ እንዴት እንደምትይዝ አዩና መያዟ ደህና መሆኑ ቅር ያሰኛቸው መሰለ።

«ልጄ መርጦሻል» አሉ ዳኛው። ድምፃቸው ክፉ አልነበረም። «እኔም ልጄን እወደዋለሁ። ስለዚህ በሩ አልተዘጋም። ነገር ግን ይህ ስም ያለው ቤት ነው። ቡድኑን ትለቂያለሽ። በሠርጉ ላይ ለሚጠይቅ ሰው የሙዚቃ መምህርት ናት እንላለን። የት ስታስተምር ነበር ቢል፣ ሩቅ ከተማ እንላለን። ከዚያ በኋላ መድረክ የሚባል ነገር እዚህ ቤት አይነሳም።»

«ምን ይከብዳታል?» አሉ አክስትየዋ። «የሌላ ሰው ልብስ መልበስ ሥራዋ አይደል?»

ማሟያ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ትርኢታችንን አይተውታል፣ የተከበሩ ዳኛ» አለች በቀስታ።

«እሱን አታንሺብኝ። ያቺ ሴት ሌላ ናት። ያቺ አርቲስት ናት። ከኋላዋ የምትወዛወዙት ግን… አትቀየሚኝ ልጄ፣ እሷና እናንተ አንድ አይደላችሁም።»

 ማሟያ ዐይኗን አንስታ ሐኪሙን አየችው። የምትጠብቀው ረጅም ንግግር አልነበረም። «አባዬ፣ እሷ ነበረች»፤ ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም። ሐኪሙ የአባቱን ፊት አየ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ አሁን ቢናገር አባቱ ተታለልኩ ብለው ይዘጉት ይሆናል። ዐይኑን ወደ ሳህኑ መለሰ።

«ሾርባው ቀዘቀዘ» አለ።

ሾርባው ቀዘቀዘ! ይህ ሰው የተማረ ነው። ዓመታት ሙሉ የሰው ጉሮሮ ሲያይ የኖረ፣ ድምፅ ከየት ተነስቶ የት እንደሚታነቅ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነው። እንዲህ ዓይነቱን ዝምታ «ዘዴ» ብላችሁ ልትጠሩልኝ የምትፈልጉ አንባቢዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ጥሩት፣ እኔ አልጠራውም። ራሷስ ለምን አልተናገረችም? ትሉኛላችሁ። «እኔ ነበርኩ» ማለት የቡድኑን ሕግ ማፍረስ፣ የኮከቢቱን ፊት ማሳፈር ነው። ደግሞም ሴት ልጅ ከወንዱ አፍ ልትሰማው የሚገባት ነገር አለ። ራሷ ከተናገረችው ልመና ይሆናል።

የግቢውን በር ሲደርሱ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ሐኪሙ ክንዷን ያዘ።

«ስሚኝ። ለጊዜው እሺ በያቸው።»

«ለጊዜው ምን?»

«እንጋባ። ከሠርጉ በኋላ ቀስ ብዬ ነግሬ አሳምነዋለሁ። አባዬን አታውቂውም፣ ፊት ለፊት ከገጠሙት አይመለስም። እንዳላጣሽ ነው ዝም ያልኩት።»

«ዝም ማለትማ መድኃኒትህ ነው። ለኮከቢቱም ያዘዝክላት እሱን ነው።»

«ለሷ ድምጿን ለማዳን ነው!»

«ለኔስ?»

 ክንዷን ከእጁ አወጣች፤ በቁጣ አይደለም፣ የተያዘ ልብስ ከሚስማር እንደሚያላቅቅ ሰው፣ እንዳይቀደድ ተጠንቅቃ።

«እዚያ መድረክ ላይ ጨለማ ስለሆነ አላይህም ነበር» አለችው። «ዛሬ በቀን፣ በጠረጴዛ ማዶ አየሁህ። ምነው ሳላይህ በቀረሁ።»

ሄደች። ሐኪሙ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። የራሱ ቤት በር እንደዚያን ቀን ባዕድ ሆኖበት አያውቅም።

የመጨረሻው ትርኢት እሑድ ከሰዓት ነበር። ካለቀ በኋላ አውቶቡሱ ይነሳል፤ ሻንጣዎቹ ከጠዋቱ ወደ ውጭ ወጥተዋል። በነዚያ ቀናት ሐኪሙ ሲመጣ እትዬ መርፌ በር ላይ እየቆሙ «ልብስ እየለካች ነው» ይሉታል፤ ሲደውል አታነሳም። እሑድ ዕለት ዳኛው የድሮ ባልደረቦቻቸውን አስከትለው፣ እህታቸውን ይዘው እንደገና መጡ። «ስሟት፤ ከዚያ ትነግሩኛላችሁ» ሲሉ በራፍ ላይ ተሰማ።

ውስጥ ማሟያ ከመስተዋቱ ፊት ተቀምጣ የእርጅናዋን መስመር ልትሥል ስትል ብሩሹን ከእጇ የወሰደው ሌላ እጅ ነበር። ኮከቢቱ ናት። በአንድ ቡድን ስንት ከተማ ዞረው አንድ ቀን ፊቷን ነክታ አታውቅም። ግንባሯ ላይ፣ ከዐይኗ ጥግ፣ ከአፏ ዳር ዳር በጥንቃቄ ሣለችላት። ሲያልቅ ጎንበስ ብላ፣ የተከለከለችውን ሹክሹክታ አወጣች።

«ዛሬም አበባ ካመጡልኝ አልቀበልም።»

«ባክሽ አትናገሪ፤ ጉሮሮሽ…»

«ጉሮሮዬ የኔ ነው። እስካሁን ያፈርኩበት ግን ጉሮሮዬ አይደለም።»

ጋሼ በሩ ላይ ነበሩ። ሰምተዋል። ያልሰሙ መስለው አለፉ፤ ግን ወትሮ ፈጠን ፈጠን እያሉ የሚሄዱት ሰውዬ ዛሬ እግራቸው ይጎተት ነበር።

ማሟያ ሰማያዊዋ ምልክት ላይ ቆማ ሸሚዙን አነሳች። ከፊቷ ያ የለመደችው ጥቁር ነው። ዐይኗን ቀይዋ መብራት ላይ ተከለች። ለማን እንደምትዘፍን አላወቀችም፤ ጨለማው እንደ ድሮው ባዶ ሆኖባት ነበር። ባዶውን እያየች ግን አልሰነፈችም። እጅጌውን ወደ ውስጥ፣ አንገትጌውን ወደ ላይ፣ ቀስ እያለች አጠፈች። ድምጿ ሳይጮህ የመጨረሻው ወንበር ድረስ ሄደ። እትዬ መርፌ ከመጋረጃው ጀርባ መርፌያቸውን ከአፋቸው አወጡ። ስለ ላላው ቁልፍ ለልጇ ስትነግረው አንድ ሰው አዳራሹ ውስጥ ሳያስበው «ወይኔ» ሲል ተሰማ። ከዚያ ዜማው አለቀ።

ጭብጨባው ፈነዳ። ሰው ሲነሳ የሚያሰማውን የወንበር ድምፅ ሰማች፤ መጀመሪያ የአንድ፣ ከዚያ የሁሉም። ጎንበስ አለች። ሕጉ ከዚህ በኋላ መጋረጃ ይወድቃል ነው።

ቀና አለችና እጇን አነሳች። «ጨረር፣ የአዳራሹን አብራልኝ።»

«አይሆንም!» አሉ ጋሼ ከመድረኩ ጎን። «መጋረጃ! መጋረጃውን ጣሉ!»

ኮከቢቱ መጋረጃው እንዳይወርድ ገመዱን ይዛ ቆመች። ጨረር ከላይ ከክፍሉ አንገቱን ብቅ አደረገ። «ጋሼ፣ ዛሬ ጆሮዬን አሞኛል» አለና ማብሪያውን ተጫነ።

ጨለማው ሰው ሆነ። ስታስበው የኖረችው አንድ ትልቅ ነገር ነበር፤ የሚተነፍስ፣ የሚስል፣ የሚያጨበጭብ። አሁን አፍንጫ አለው፣ መነጽር አለው፣ ኮት ክንዱ ላይ አጥፏል፣ እናቱን ደግፏል። ብዙዎቹ ዐይናቸውን እያሹ ነበር፣ ሲያለቅሱ ብርሃን እንደመጣባቸው ሰዎች። ማሟያ ዊጉን አወለቀች። በእጅጌዋ ግንባሯን ጠረገች፤ ኮከቢቱ የሣለችው እርጅና ጨርቁ ላይ ቀረና የሷ ፊት ወጣ። ጭብጨባው ዝብርቅርቅ ብሎ ቀነሰ።

ከዚያ በልማዷ ወደ ቀይዋ መብራት አየች። ከሥሯ ሐኪሙ ቆሞ ነበር። ወንበር አልያዘም። ትርኢቱን በሙሉ እዚያ፣ ከመውጫው በር ሥር ቆሞ ነው ያየው፤ ዐይኗ ያለ ጥርጥር የሚያርፍበትን ቦታ ያውቃላ። የዘፈነችው ለባዶ አልነበረም። 

«አየሁህ» አለችው።

ሐኪሙ በወንበሮቹ መሐል ወደ ፊት መጣ። ሰው መንገድ ለቀቀለት። አባቱ ረድፍ ሲደርስ ቆመና፣ በቀስታ አይደለም፣ ሁሉም እንዲሰማ ተናገረ።

«አባዬ፣ እሷ ናት። ያን ቀንም እሷ ነበረች። ኮከቢቱን ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ፣ ማን እንደዘፈነ አውቅ ነበር። ሾርባው አልቀዘቀዘም ነበር።»

ዳኛው እጆቻቸውን ለጭብጨባ እንደከፈቱ ቀሩ። መዳፎቻቸው ሳይገናኙ፣ አየር ላይ። ልጃቸውን አዩ፤ መድረኩን አዩ።  እህታቸው ኮታቸውን ይዘው «ተቀመጥ ወንድሜ፣ ሰው እያየ ነው» ይላሉ። ባልደረቦቻቸው ጫማቸውን ያያሉ። ማንም አልተቀመጠም፤ ማንም አልወጣም።

ማሟያ ሰማያዊ ምልክቷን ለቀቀች። ዊጉን በእጇ እንደያዘች እስከ መድረኩ ጠርዝ መጣች።

«የተከበሩ ዳኛ፣ እኔ ነኝ። ያቺ ከኋላ የምትወዛወዘው። ሌላ ናት ያሏት አርቲስትና እኔ ሁለት ሴቶች አይደለንም። ሸሚዝዎን ያጠፍኩልዎት እኔ ነኝ፤ ቤትዎ መጥቼ ሥራሽን ደብቂ የተባልኩትም እኔው ነኝ። ልጅዎን ይዤ መሄድ እችላለሁ፤ አውቶቡሱ ውጭ ቆሟል፤ አሁን ብጠራው ይመጣል። ግን አልሰርቅዎትም። እንደ ሌባም አልገባብዎትም። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ሰውን ፊትዎ አቁመው፣ በአደባባይ ጠይቀው፣ በአደባባይ ፈርደዋል። ምግብ ጠረጴዛ ላይ የተፈረደበት የኔ ጉዳይ ብቻ ነው። እንግዲህ ይግባኝ ብዬአለሁ። ለዚህ ድምፅ ሁለት ጊዜ ተነስተዋል። በርዎ በስሜና በሥራዬ ይከፈትልኛል ወይስ አይከፈትልኝም? ነገ በልጅዎ በኩል አይላኩብኝ። በእህትዎ በኩልም አያስነግሩኝ። ያጨበጨቡልኝ ቆመው ነው፤ ቆመው ይመልሱልኝ። እዚሁ፣ አሁን፣ ይህ ሁሉ ሰው እየሰማ!»